ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ቤት ውል ታነባለች፤ ውሉ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል አገኘች

የደሴዋ (ሲያትል)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን ነገሩን ይዤ ማደር አቃተኝ።

ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፗን ይዛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥና አሮጌ የቤት ሽያጭ ውል ታነባለች። የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው፣ ሳንቲም የለውም። የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ሰዎች የሚመሩት ጥናት አለ። ድሮ ነጮች ቤት ሲሻሻጡ ውሉ ውስጥ «ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል አንቀጽ ያስገቡ ነበር። እሱን እየለቀሙ ይመዘግባሉ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አላለኝም ነበር። «የኬሚስትሪ ፈተና እያለብሽ የሞተ ሰው ወረቀት ምን ያደርግልሻል» እያልኩ ስንቴ ተጨቃጭቀናል። አባቷ ደግሞ «እዚህ የመጣነው ለሥራ ነው፣ በእነሱ የዘር ጣጣ ውስጥ አትግቢ» ይላታል።

ያለፈው ቅዳሜ ቡና እየቆላሁ «እማዬ ነይ እዪ» አለችኝ። ምጣዱን እሳት ላይ ትቼ ሄድኩ። በታይፕ የተመታ፣ ጠርዙ የጠቆረ ወረቀት ነው። 1928 ይላል፣ በፈረንጅ። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አድርጋ አነበበችልኝ። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ ከዚህ ይዞታ የትኛውም ክፍል ዕብራዊ በሆነ ሰው፣ ወይም ከኢትዮጵያ፣ ከማሌይ ወይም ከማንኛውም የእስያ ዘር በሆነ ሰው አይያዝም፣ አይኖርበትም። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ የቤት ሠራተኛ ሆኖ እዚያው የሚያገለግል ካልሆነ በቀር ይላል።

«ኢትዮጵያ» ቁልጭ ብሎ! በዚያ ዘመን እዚህ ከተማ ምን ሐበሻ ነበርና ነው? ምጣዱን ረስቼው ቡናው አረረ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ ቃል እኛን ነው? ደግሞስ ልጅቷ ቅዳሜዋን ሁሉ ይህን ስትለቅም ብትውል ለማን ይጠቅማል?

ሰነድ_አገላባጭ

እህቴ፣ ለቡናው አዝኛለሁ። ወደ ጥያቄሽ።

ቃሉ እኛን ብሎ አልተጻፈም፣ እኛንም ግን አይምርም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዮሐን ብሉመንባክ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር የሰውን ልጅ በአምስት ከፈለው፤ ካውካሳዊ፣ ሞንጎላዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ አሜሪካዊ፣ ማሌያዊ ብሎ። «ኢትዮጵያዊ» ያለው ጥቁር የሆነውን ሁሉ ነው። ግሪኮችም ቀድመው ጥቁርን ሕዝብ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። የአሜሪካ ውል ጸሐፊዎች ክፍፍሉን እንዳለ አንስተው ውል ውስጥ ከተቱት። ያ የ1928ቱ ጠበቃ ደሴም ጎንደርም ትዝ አላለውም። ያሰበው ከደቡብ መጥቶ ቤት የሚፈልገውን ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ግን አያትሽ በአጋጣሚ በዚያ በር ቢያልፉ ኖሮ በዚያው መስመር ይመለሱ ነበር። ሐበሻ ነኝ፣ ሌላ ነኝ ማለት አይሠራም።

ልጅሽ ያነበበችው የብሮድሙርን ይመስለኛል። በጎልፍ ሜዳ ዙሪያ የተሠራ ሰፈር ነው፣ ዛሬም አጥርና በር አለው። በዚህ ከተማ ታሪክ የሚታወቅ አንቀጽ ነው።

አገባቡ እንደየሰፈሩ ይለያያል። አንዳንዱ ጋ መሬቱን ከፋፍሎ የሚሸጠው ኩባንያ ገና ከጅምሩ ውሉ ላይ ያትመዋል። ካፒቶል ሂል ላይ ግን በ1920ዎቹ መጨረሻ ጎረቤቶች ራሳቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ፊርማ አሰባስበው ነው ያስገቡት። እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ማንም አላዘዛቸውም። በር አንኳኩተው፣ «እንደምን ዋላችሁ» ተባብለው የተፈራረሙት ነው።

ሕጉን ባጭሩ። 1926 ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ዓይነት ውል ሳይነካ አለፈው። 1948 ላይ «ሼሊ እና ክሬመር» በተባለው ክርክር ፍርድ ቤት አያስፈጽመውም ተባለ፤ መጻፉን ግን አልከለከለም። 1964 ላይ የሲያትል ሕዝብ በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎ ይከልከል ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ሁለት ለአንድ በሚሆን «አይከልከል» አለ። ሲያትል ነው የምልሽ፣ አላባማ አይደለም። የፌዴራሉም የከተማውም ሕግ የወጣው ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለ በኋላ፣ በዚያው ወር፣ ሚያዝያ 1968 ነው።

ቦሌ_ሚካኤል (ዳላስ)

ታዲያ ሕጉ ከሞተ ሃምሳ ዓመት አለፈው አይደለም እንዴ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እኔ ሁለት ሥራ ሠርቼ ቤት ገዝቻለሁ። ዘርህ ምንድነው ያለኝ ሰው የለም። የጠየቁኝ ክሬዲት ስኮሬን፣ የብድር አከፋፈል ነጥቤን ነው። ልጆቻችንን ሐኪም፣ ኢንጂነር አድርገን እናውጣቸው። እህቴ፣ ኬሚስትሪዋን ታጥና።

ሁለት_አውቶቡስ (ሲያትል)

ጋሼ፣ የጠየቅዎት ሰው የሌለው ቀድመው የጮኹ ስለነበሩ ነው። ደግሞ ኬሚስትሪ ማጥናትና ቅዳሜ ሦስት ሰዓት መስጠት አብረው ይሄዳሉ። እኔ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነኝ፣ ይህንኑ ሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ።

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሰልፍ ይመስለዋል። እጅግ አሰልቺ ነው። የካውንቲው መዝገብ ቤት ያሉት አሮጌ ውሎች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። መጀመሪያ ኮምፒውተር ያነባቸውና አጠራጣሪ ቃል ያለበትን ያነሳል። ግን ሞኝ ነው። «ዋይት» (ነጭ) የሚል ካየ ያነሳል፤ ስትከፍተው ሻጩ ሚስተር ዋይት ሆኖ ይገኛል። የኛ ሥራ አንቀጹ እውነት መኖሩን ማረጋገጥ፣ ቀኑን፣ የሰፈሩንና የቦታውን ቁጥር መያዝ ነው። ከዚያ ካርታ ላይ ይገባል። ሲያትል ባለችበት ኪንግ ካውንቲ ውስጥ ብቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተገኝተዋል።

የመጀመሪያው ቀን ልቤ ይመታ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ደነዘዝኩ። አንዱ ከሌላው የተገለበጠ ነው፣ ኮማው ሳይቀር። አስፈሪው ነገር ያ መሰለኝ። ሰውየው ተናዶ የጻፈው አይደለም። እንደ ውኃና መብራት መስመር ነው ያስገባው፤ አንቀጽ ስድስት አጥር፣ አንቀጽ ሰባት ዶሮ ማርባት፣ አንቀጽ ስምንት ጥቁር።

የደሴዋ፣ ለማን ይጠቅማል ላሉት ደግሞ፣ ጥናቱ በፍላጎት ብቻ የተጀመረ አይደለም። 2021 ላይ የዋሽንግተን ስቴት ምክር ቤት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን ውሎች ፈልገው ለባለቤቶቹ እንዲያሳውቁ በሕግ አዟል። ቤት የገዛ ሐበሻ ሁሉ የራሱን ውል ማየት ይችላል። አንቀጹ ካለ ቅጽ ሞልቶ ለካውንቲው መዝገብ ቤት ያስገባል፣ ክፍያ የለውም። ያንን አንቀጽ ውድቅ የሚያደርግ ሰነድ ይመዘገብለታል። አሮጌው ወረቀት ግን አይቃጠልም፣ ለታሪክ ይቀመጣል።

ናታንያ_ነኝ (እስራኤል)

ሻሎም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ያን አንቀጽ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። «ዕብራዊ ወይም ኢትዮጵያዊ» ነው የሚለው? እኔን ሁለቴ ነዋ የከለከሉኝ! በአንድ መስመር!

ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። እኛ ጋ 1928 ድረስ መሄድ አያስፈልግም። 2012 መጀመሪያ ላይ ቂርያት ማላኪ የሚባል ከተማ ውስጥ የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ሰልፉ ከዚያች ከተማ ተነስቶ ኢየሩሳሌም ክኔሴት፣ ፓርላማው ድረስ ሄደ፤ ከፊት የነበሩት እዚህ ያደጉ ልጆች ናቸው። እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ «ተዉ ልጆቼ፣ አገራችን ገብተናል፣ አታስቀይሙ» ትለን ነበር። የደሴዋ፣ ባለቤትሽ የሚሉትን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። ሰው የሚፈራው ወዶ አይደለም።

አንድ ልጨምር። እዚህ «ጠበቃ» የሚባል ድርጅት አለ፣ ስሙ የኛው ቃል ነው። በሥራ፣ በትምህርት ቤት፣ በፖሊስ በደል ለደረሰበት ኢትዮጵያዊ በነጻ ይከራከራል። ሕግ የሚማሩ ልጆች እዚህ ዓይነቱ ቦታ ገብተው ሲሠሩ አይቻለሁ። የሚሠሩት ምንድነው? ዕብራይስጥ ለማታነብ አሮጊት ደብዳቤ ማንበብ። ይኸው ነው። አሮጊቷ ግን ያንን ደብዳቤ ለወራት ቦርሳዋ ውስጥ አጥፋ ይዛው የዞረች ናት።

አወያይ

አንድ አስተያየት አጥፍቻለሁ። ጥቁር አሜሪካውያንን መስደብ እዚህ ቤት አይቻልም። «እኔ እንደዛ ማለቴ አይደለም» ብላችሁ በውስጥ መስመር አትጻፉልኝ፣ ደክሞኛል።

ሬኒየር_ሰፈር (ሲያትል)

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው ያናደደኝ። ይህ ሁሉ ጥናት ተጠንቶ 2023 ላይ ሕግ ወጣ አይደል? ሰነድ ሲመዘገብ 100 ዶላር እየተከፈለ፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው ቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ወለድ የሌለው ብድር። ከ2024 ጀምሮ ይሰጣል። ባለቤቴ ሮጣ ሄደች። ምን አሏት? አንቺ ወይ ወላጅሽ ወይ አያትሽ ከሚያዝያ 1968 በፊት ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ኖራችኋል ወይ? የኛ አያቶች ያኔ የት ናቸው፣ ወሎ በሬ ጠምደው! እንግዲህ ስማችን ከልካዩ ወረቀት ላይ አለ፣ ገንዘቡ ላይ የለም። የነጻ ሥራ ሲሆን ልጆቻችን፣ ካሳ ሲሆን ሌላ ሰው።

ሰነድ_አገላባጭ

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፣ የዚህ ከተማ የቤት ዋጋ ማንን አላናደደም። ግን እዚህ ላይ አልስማማም።

ያ ገንዘብ የማን ነው? ሴንትራል ዲስትሪክትን ታውቀዋለህ፣ ቼሪ ጎዳና ላይ ክትፎ በልተህ ታውቃለህ። ጥቁር ሰው ቤት መግዛት የሚችለው እዚያና እዚያ ብቻ ነበር። ሌላው ሰፈር በውል ተዘግቷል፤ ይሄኛውን ደግሞ ባንኮች በቀይ ቀለም አጥረው ብድር ነፍገውታል። እንደዚያም ሆኖ ሰዎቹ ቤተ ክርስቲያን፣ ክሊኒክ፣ ሱቅ ሠሩበት። 1970 ላይ ከአስር ነዋሪ ሰባቱ ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ሁለት አይሞላም። የቤቱ ዋጋ ሲሰቀል ልጆቹ ተገፍተው ወጡ። አባትህ ቤት እንዳይገዛ በመከልከሉ አንተ ያልወረስከው ነገር ካለ፣ ካሳው ላንተ ነው። የኔ አባት ደብረ ብርሃን ቤት ነበረው። ማንም አልከለከለውም፣ የወረሰው ደርግ ነው፤ ያ ሌላ ክስ ነው።

ሬኒየር_ሰፈር

የደርጉን ክስ የት ነው የማስገባው? 😄

እሺ፣ ገባኝ። ቢሆንም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ ዛሬ ኪራይ የሚያስለቅሰው ሰው 1968ን አይጠይቅም።

ጋሽ_ዘማች (ዋሽንግተን ዲሲ)

የልጆቼን ክርክር በጸጥታ ሳነብ ቆየሁ። እኔም በተማሪነቴ በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ ልል ነበር። ውሸት ነው፤ እድገት በኅብረት ዘመቻ በፈቃድ አልነበረም። 1967 ዓ.ም. ነው፣ በኛ። ወደ 60 ሺህ ተማሪና አስተማሪ ገጠር ወጣን። ከዚያ በፊትም የዩኒቨርሲቲ ልጅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ነበረበት።

እኔ የደረሰኝ ከሐረር ወዲያ አንድ ቀበሌ ነበር። ገበሬውን ልናነቃ ነው የሄድነው። መፈክራችን ረጅም፣ ፀጉራችንም ረጅም። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ጠሩኝና «ልጄ፣ ስለ መሬቱ ኋላ ታወራለህ፤ መጀመሪያ ይህን አንብብልኝ» ብለው ከቆዳ ከረጢት ወረቀት አወጡ። የግብር ደረሰኝ ነው። ያላቸው መሬት ሌላ፣ የተጻፈው ሌላ። ለስንት ዓመት የማያውቁትን መሬት ግብር ከፍለዋል። ያን ቀን ነው መፈክሩን ትቼ ወረቀት ማንበብ የጀመርኩት። ስለዚህ የናታንያዋ ልጅ ስለ አሮጊቷ ደብዳቤ የጻፈችው ውስጤ ገባ።

ቦሌ ሚካኤል፣ አንተም አልተሳሳትክም። እኔ ከዘመቻ ስመለስ ትምህርቴ ሁለት ዓመት ተበላሽቷል። ወላጅ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

ሁለት_አውቶቡስ

ጋሽ ዘማች፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የራሳችንን ጉድ ልናገር፣ ሁሉን አሳምረን እንዳናወራ።

ከውል ንባቡ ሌላ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሕፃናትን ሒሳብ አስጠናለሁ፣ ደቡብ ሲያትል። ሁለት አውቶቡስ ነው፣ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። ትምህርት ሲጀመር ሃያ አስጠኚ ተማሪ ይመጣል። ፎቶ ይነሳሉ። ለሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ የሚሆናቸውን ሰዓት ያስፈርማሉ። በአምስተኛው ሳምንት አራት እንቀራለን። አንድ የአስር ዓመት ልጅ አለ፣ እናቱ ከደቡብ ሱዳን ናት። አዲስ አስጠኚ በመጣ ቁጥር «አንተስ መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ተቆጥቶ እንዳይመስላችሁ። ክፍልፋይ ከመጀመሩ በፊት ማወቅ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም መሃል ላይ ሰው ሲቀየር እንደገና ከግማሽና ከሩብ ይጀመርበታል።

በ1968 እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ተማሪዎች ኅብረት የፕሬዚዳንቱን ቢሮ ይዞ ተቀመጠ። ጥቁርና ሌሎች የተገፉ ተማሪዎች እንዲገቡ፣ ታሪካቸውም እንዲሰጥ ነበር ጥያቄያቸው። ዛሬ እኔን ያስገባኝ የድጋፍ ፕሮግራም ከዚያ የመጣ ነው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በዚያው ዘመን ብላክ ፓንተር የሚባለው የጥቁሮች ፓርቲ ገብተው ለሰፈር ሕፃናት ቁርስ ያበሉ ነበር፤ ነጻ ክሊኒክም ከፍተዋል። ካሮሊን ዳውንስ የሚባለው ክሊኒክ የዚያ ተከታይ ነው፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። እናቴ የደም ግፊቷን የምትለካው እዚያ ነው። ስለ ፓንተሮች ብነግራት «ጠመንጃ የያዙት?» አለች። አዎ እማ፣ እነሱው፣ ገንፎም ይዘው ነበር።

ቦሌ_ሚካኤል

ልጄ፣ የአውቶቡሱ ነገር ነካኝ። የጅቡን ተረት መልሼ ወስጃለሁ። ኬሚስትሪው ላይ ግን አልለወጥኩም።

ማታ ከልጄ ጋር የራሴን ቤት ውል አወጣን። 1996 የተሠራ ሰፈር ነው፣ ምንም የለውም። ዶሮ ማርባት ግን ተከልክሏል።

የደሴዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የናታንያዋ ላይ ሲደርስ ዝም አለ፣ ከዚያ «ሻይ አለ?» አለኝ። እሱ ሲሸነፍ እንዲህ ነው።

ከጻፍኩ ወዲህ የሆነውን ልንገራችሁ። እኔ ቤት ለቤት አረጋውያን እረዳለሁ። አንዷ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣ ሴንትራል ዲስትሪክት ከቀሩት ውስጥ። ሁለት ዓመት ሙሉ እግሯን አጥቤያለሁ፣ መድኃኒቷን ቆጥሬያለሁ። ስለ ቤቷ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ሰኞ ዕለት ጥፍሯን እየቆረጥኩ፣ ልጄ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ታነባለች አልኳት። እግሯን ከእጄ ሳበችና ቀና ብላ አየችኝ።

1964 ላይ ያ ድምፅ ሲሰጥ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ኮሌጅ። ከጓደኞቿ ጋር ነጮች ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ «አድልዎ ይከልከል ብላችሁ ምረጡ» ይሉ ነበር። አንዷ ሴት በሩን በትሕትና ከፍታ፣ አዳምጣ፣ ኬክ አቅምሳ ሸኘቻቸው። ሲወጡ አጥሩ ላይ የ«አይከልከል» ምልክት ተሰቅሎ አዩ። «ኬኩ ጥሩ ነበር» ብላ ሳቀች። ሲሸነፉ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም። በአራተኛው ቀን ግን ቅዳሜ ነበርና ሕፃናት የምታስጠናበት ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ከዚያ ልጅሽን አምጫት አለችኝ። ትናንት ወሰድኳት። ዳቦ ጋግሬ፣ ባዶ እጅ አይኬድም። ልጄ ላፕቶፗን አልጋው ጠርዝ ላይ ዘርግታ ካርታውን ከፈተች። አሮጊቷ የኬኩ ሴትዮ የነበረችበትን ጎዳና ስም አስታወሰች፤ ቁጥሩ ግን ጠፋባት፣ ከጥጉ ሦስተኛው ነው አለች። ልጄ ጎዳናውን አጉልታ አመጣችላት። ካርታው ላይ ቀለም የተቀባ፣ አንቀጹ ያለበት ቤት ሞልቶታል።

«ቆይ» አለችን፣ «መነጽሬን አምጡልኝ፣ የሩቁን ሳይሆን የማነበውን።»